ጋጋሪን «እግዜርን አላየሁም» ብሏል ወይ?

ጥያቄውን የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ሲነጋ 11 መልስ ጠበቀኝ። እሑድ ላይ 62 ደረሰ። አድሚኑ ክሩን፣ ማለትም መልሶቹ የተከታተሉበትን ውይይት፣ ሊዘጋው ነው ስላለን የተባባልነውን እንዲህ ሰብሰብ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ጠፍቶ እንዲቀር የማልፈልገው ነገር በዝቶበታል።

መነሻው የአባቴ ጉዳይ ነው። አባቴ የቄስ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ 9ኛ ክፍል ሳለ የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጣቸው ካድሬ አንድ ቀን ገብቶ፣ መጀመሪያ ወደ ህዋ የወጣው ሰው፣ የሶቪየቱ ዩሪ ጋጋሪን፣ ሰማይ ድረስ ወጥቶ ዞር ዞር ብሎ አይቶ እግዜር የሚባል እንዳላገኘ ነገራቸው። ከዚያ አባቴን ከተቀመጠበት አስነሣና፣ ታዲያ አባትህ ለማን ነው የሚቀድሰው ብሎ ጠየቀው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ዛሬ አባቴ ስድሳን አልፏል። የጋጋሪን ስም በሬዲዮ ከተጠራ አሁንም እጁን ሰዶ ድምፁን ይቀንሳል። ለዚህ ነው የጠየቅኩት። ሰውዬው እንዲህ ብሏል ወይ? ካለስ መቼ፣ የት?

1ኛው መልስ ሰጪ አዎ ብሏል፣ ይህ እኮ የታወቀ ነው አለኝ። 2ኛዋም ተስማማች፤ እሷም ትምህርት ቤት የሰማችው ይህንኑ ነው። ማስረጃ ግን ሁለቱም አላመጡም።

ነገሩ የተለወጠው 3ኛው መልስ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ሩሲያኛ ታነባለች። ጋጋሪን ከምድር ጋር የተነጋገረው የሬዲዮ ንግግር ታትሞ እንደወጣና ከዳር እስከ ዳር እንዳነበበችው ነገረችን። ያ አባባል እዚያ ውስጥ የለም። የጋጋሪን መጠሪያ ኬድር ነበር፤ ዝግባ ማለት ነው። የምድሩ ጣቢያ ዛሪያ ይባላል፤ ጎህ እንደ ማለት። ከመነሣቱ በፊት ዋናው መሐንዲስ ሰርጌይ ኮሮልዮቭ፣ ልጇን መንገድ እንደምትሸኝ እናት፣ ስንቁን ይዘረዝርለታል። ምሳ አለህ፣ እራት አለህ፣ ቁርስም አለህ ይለዋል። ቋሊማ፣ ከረሜላና ለሻይ የሚሆን ማርማላታም ተቋጥሮለታል። ጋጋሪንም ዋናው ቋሊማው መኖሩ ነው፣ ለአረቄው ማወራረጃ ይሆነናል ብሎ ይቀልዳል። ሮኬቱ ሲነሣ ፖዬኻሊ ይላል፤ በእኛ በሉ እንግዲህ ተነሣን ነው። ከላይ ሆኖም ምድር እንደምትታየው፣ ደመናው መሬት ላይ ጥላውን እንደጣለ፣ እጅግ እንደሚያምር ደጋግሞ ይናገራል። ስለ እግዜር አንድም ቃል አይተነፍስም።

4ኛው እሷን አመስግኖ ቁጥር ጨመረ። ከመነሣቱ እስከ ማረፉ የፈጀው 108 ደቂቃ ብቻ ነው። ምድርን የዞረው አንድ ጊዜ ነው። ከፍ ያለበት ጫፍ 327 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከአዲስ አበባ ጅማ ያለውን መንገድ እንኳ አይሞላም። ያቺን ታህል ተጉዞ መንግሥተ ሰማያትን ፈትሼ መጣሁ የሚል ሰው ጤነኛ አይደለም፣ ጋጋሪን ደግሞ ጤነኛ ሰው ነበር ብሎ ደመደመ። 5ኛዋ በአጭሩ፣ የተነሣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ እንደነበር አስታወሰችን። ሞስኮና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነበርና እዚህም ልክ 3 ከ7 ነበር።

6ኛው የመጣው ባሕረ ሐሳብ ከሚያውቁ አንድ አባት ነው። ከሁሉ በላይ ላይክ ያገኘው የእሳቸው ነው፤ ይገባዋልም። ፈረንጅ ኤፕሪል 12 ቀን 1961 የሚለው በእኛ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱም ረቡዕ። ቁጭ ብለው አሰሉልን። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ነበር። ስለዚህ ጋጋሪን የወጣው በትንሣኤ ሳምንት፣ አልዓዛር በሚባለው ረቡዕ ነው። ከመቃብር በአራተኛው ቀን የተጠራው አልዓዛር ማለት ነው። ረቡዕ ይሁን እንጂ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አይጾምም። እንግዲህ ሰውዬው ከላይ ሲያልፍ በየቤታችን የፋሲካው ወጥ ገና አላለቀም። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያንም ፋሲካዋን ያከበረችው በዚያው እሑድ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ቆየሁ። ለአባቴ መንገር ያለብኝ ይህንን ነው ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው።

7ኛው ከታሪክ በኩል ገባ። የታኅሣሡ ግርግር ካለፈ ገና አራት ወሩ ስለነበር የአዲስ አበባ ሰው ወሬ ሌላ ነበር አለ። ከዚያ ስለ ግርግሩ ሁለት ሰዎች ትንሽ ተከራከሩ፤ እሱን እዘለዋለሁ።

8ኛው ታዲያ ማን አለው የሚለውን አነሣ። በእሱ መልስ የንግግሩ ባለቤት የሶቪየቱ መሪ ኒኪታ ክሩሽቾቭ ነው። ክሩሽቾቭ በጸረ ሃይማኖት ዘመቻው ጊዜ ለፓርቲው ሰዎች ሲናገር፣ ጋጋሪን እንኳ ወጥቶ እግዜርን አላየም ብሎ በጋጋሪን ስም አወራ። ከዚያ ቃሉ ከመሪው አፍ ወጥቶ በጋጋሪን አፍ ገባ። 9ኛዋ ደግሞ አክብራ አረመችው። ከጠፈርተኞቹ መካከል በገዛ አፉ እንዲህ ያለ አለ፤ ጌርማን ቲቶቭ ነው። ቲቶቭ ምድርን በመዞር ሁለተኛው ሰው ነው። በኦገስት 1961 በ25 ዓመቱ ወጥቶ 17 ጊዜ ዞረ። በ1962 አሜሪካ፣ ሲያትል በነበረው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ተጠይቆ፣ ቀኑን ሙሉ በደንብ ብመለከትም እግዜርንም መላእክትንም አላየሁም ብሎ መለሰ። እንግዲህ ካድሬው ለአባቴ የነገረው የክሩሽቾቭና የቲቶቭ ቅልቅል ነው። ጋጋሪን የለበትም።

10ኛውና 11ኛው ሰላምታና ምስጋና ናቸው።

ከ12ኛው በኋላ አየሩ ከረረ። 12ኛዋ ጋጋሪን አማኝ ነበር አለች። ጠፈርተኞች የሚኖሩበት የከዋክብት ከተማ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ የተናገሩትን ጠቀሰች። በእሳቸው ቃል ጋጋሪን ከመብረሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ታላቅ ልጁን ዬሌናን ክርስትና አስነሥቷታል፤ ቤቱም ገናና ፋሲካ ይከበር ነበር፣ ሥዕለ አድኅኖም ነበረበት። ወዳጁ ኮሎኔል ቫለንቲን ፔትሮቭ ደግሞ በ1964 ጋጋሪን 30 ዓመት ሲሞላው አብረው ወደ ሥላሴ ሰርጊዮስ ገዳም እንደሄዱ መስክረዋል።

13ኛው ተቆጣ። ሰውዬው በ1960 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል የሆነ መኮንን ነው፤ ሶቪየት ከፈረሰች በኋላ ሁሉም የራሱ ሊያደርገው ይሻማበታል አለ። ትናንት ካድሬው በስሙ ተናገረበት፣ ዛሬ ደግሞ እናንተ ልትናገሩበት ነው ወይ ብሎ 12ኛዋን በነገር ወጋት። 14ኛው ለ12ኛዋ ወግኖ 13ኛውን የደርግ ርዝራዥ አለው። 15ኛው በሁለቱም ላይ ጮኸ። 16ኛው አድሚኑ ነው፤ ስድብ ከቀጠለ እሰርዛለሁ አለ።

እኔ 13ኛው የተናገረበትን አፍ አልወደድኩትም፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። በሌላ ሰው አፍ ቃል ማስገባት ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ያው ነው። አባቴን ያሳፈረው እኮ ይኸው ነገር ነው። የልጅቷን ክርስትና ግን መካድ አያስፈልግም። የተናገሩት ሰው ይታወቃሉ፣ የተናገሩትም በስማቸው ነው።

17ኛውን ሳገኝ እፎይ አልኩ። በሶቪየት ዘመን ሳራቶቭ የተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የመለስንላቸው። ጋጋሪን ያረፈው ከሳራቶቭ ማዶ፣ ከቮልጋ ወንዝ ወዲያ፣ ኤንግልስ ከምትባል ከተማ አቅራቢያ ባለ የእርሻ መሬት ነው። ተማሪዎቹን በኤፕሪል በአውቶቡስ ወሰዷቸው። በረዶው ገና መቅለጡ ስለነበር ጭቃው ጫማቸውን እየመጠጠ አስቀረባቸው። አንዲት አሮጊት ተንበርክካ በእንጨት ጭቃውን እየፋቀች፣ እዚህ ጋ ነው የወረደልን ስትላቸው ትዝ ይላቸዋል። ወረደልን ነው ያለችው። ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

18ኛዋ እዚያው ላይ ቀጠለች። ጋጋሪን ሲወርድ መጀመሪያ ያገኙት አና ታኽታሮቫ የተባሉ ገበሬና ትንሽ የልጅ ልጃቸው ሪታ ናቸው። ድንች ሲተክሉ ነበር። ብርቱካናማ ልብስ የለበሰ፣ ነጭ ሄልሜት የደፋ ፍጡር በእርሻው መሃል ሲመጣባቸው ልጅቷ ልትሮጥ አለች። እሱ እጁን እያውለበለበ የራሳችሁ ሰው ነኝ፣ ሞስኮ የምደውልበት ስልክ ፈልጉልኝ አላቸው። ሄልሜቱ ላይ ያለው የሶቪየት ኅብረት ምልክት የተጻፈው ሊነሣ ሲል በመጨረሻው ሰዓት ነው። ከዓመት በፊት ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ የስለላ አብራሪ ተመትቶ ስለወደቀ፣ ገበሬው ይህንንም ሰላይ ብሎ እንዳይዘው ፈርተው ነው።

19ኛው መንኮራኩሯ ከነሰውዬው ነው ያረፈችው ብሎ ተከራከረ። 20ኛዋ ዝም አሰኘችው። ቮስቶክ 1 ሰው ይዛ በለስላሳ ማረፍ አትችልም ነበር። 7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጋጋሪን ከነወንበሩ ተወንጭፎ ወጣ፤ ከዚያ በራሱ ፓራሹት ወረደ። ይህ ግን ለዓመታት ተደብቋል። የዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ለሪከርድ አብራሪው ከነመንኮራኩሩ እንዲያርፍ ይጠይቅ ነበርና። ጋጋሪንም በየአገሩ ሲጠየቅ መሸፋፈን ነበረበት። 21ኛው ያ ውሸት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ነው። የታዘዘ ውሸት ነው። እኔ እንዲያውም የሚያሳዝነኝ፣ ሊመሰገንበት የሚገባው ጀግንነት አብሮ መደበቁ ነው።

ምክንያቱም 23ኛው የጻፈውን ስሙ። መመለሻው ላይ የመሣሪያው ክፍል ከጋጋሪን ክፍል ተለይቶ መውደቅ ነበረበት። አልተለየም። በሽቦ ጥቅል እንደተንጠለጠለ 10 ደቂቃ ያህል አብሮት ተሽከረከረ። በመስኮቱ አንዴ ምድር አንዴ ሰማይ ይታየዋል። ሽቦው በአየሩ ሙቀት ተቃጥሎ እስኪበጠስ ድረስ እንዲህ ዞረ። እሱ ግን አስቦ፣ በዚህ አልሞትም ብሎ ወስኖ፣ ምድር ያሉትን አላስደነገጠም። ከተወነጨፈ በኋላ ደግሞ የሄልሜቱ የአየር መክፈቻ ልብሱ ሥር ተቀርቅሮ እምቢ አለው። 6 ደቂቃ ያህል እየታፈነ፣ ፓራሹት ላይ ተንጠልጥሎ፣ በትንሽ መስታወት እያየ ነው ጎትቶ ያወጣው። ይህን ሁሉ ለአለቆቹ በጽሑፍ ሪፖርት አድርጓል። ሪፖርቱ ለሕዝብ የተከፈተው ግን ሶቪየት ስትፈርስ ነው።

24ኛው ጡረተኛ ወታደር ነኝ ብሎ ገባ። ጋጋሪን ሲወጣ መቶ አለቃ ነበር፤ ሲወርድ ሻምበልን ዘልሎ ሻለቃ ሆኗል። በ108 ደቂቃ እንዲህ የተሾመ እሱ ብቻ ነው ብሎ ተደነቀ። ቁጥር 125ንም ያነሣው እሱ ነው። ሐኪሞች ህዋ ላይ ሰው አእምሮውን ይስታል ብለው ስለፈሩ የመንኮራኩሯ መሪ ተቆልፎ ነበር፤ መክፈቻው ቁጥር በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀመጠ። ነገር ግን ልጁን የሚወዱ ሰዎች ሳይወጣ በፊት በጆሮው ነግረውታል።

27ኛዋ ልጅነቱን ጻፈች። በማርች 9 ቀን 1934 በክሉሺኖ መንደር ተወለደ። አባቱ አናጢ፣ እናቱ የኅብረት እርሻ ሠራተኛ። ጀርመኖች መንደሩን ሲይዙ ቤተሰቡን ከቤቱ አስወጡት። ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው፣ በግንድና በአፈር ከድነው፣ ስፋቱ 3 ሜትር በ3 ሜትር ያህል በሆነ ዋሻ ከዓመት በላይ ኖሩ። ታላቅ ወንድሙና እህቱ ለግዳጅ ሥራ ተጋዙ። 28ኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የመለሰው። እሱም በልጅነቱ በጦርነት ጊዜ ከእናቱ ጋር ጉድጓድ ውስጥ አድሯል፤ የአፈሩ ሽታ አሁንም ይመጣበታል። ማንም ከሥሩ አልጻፈም። ላይክ ብቻ አደረጉለት።

ከዚያ 30ኛው ነገሩን አቀለለው። ጋጋሪን 16 ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ብረት ማቅለጫ ውስጥ የሠራ የላብ አደር ልጅ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ57 ነው። ኦሬንበርግ አብራሪ ሊሆን ሲማር ማሳረፍ እያቃተው ሊባረር ደርሶ ነበር። ከሥሩ ትራስ ሲያደርጉለት መሬቱ በደንብ ታየውና አሳረፈ። በኋላ ያቺ ቁመቱ ጠቀመችው፤ ቮስቶክ ጠባብ ናት።

33ኛው ሌላ ጠብ አመጣ። ጋጋሪን ጠጪ ነበር፣ በ1961 መጨረሻ ክሪምያ ላይ ከሰገነት ዘልሎ ግንባሩን ፈነከተ፣ ይህንን ለምን አትጽፉም አለ። እውነት ነው፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። 35ኛዋ ግን ሰውን በአንድ ሌሊቱ አትመዝነው ብላ መለሰችለት፤ በጁላይ 1961 ማንቸስተር የሆነውንም ነገረችን። ከባድ ዝናብ ይዘንብ ነበር። የመኪናውን ጣሪያ ሊዘጉለት ሲሉ እምቢ አለ። ሰዉ ለእኔ ብሎ እየረጠበ እኔ አልጠለልም ብሎ ቆሞ፣ እስኪበሰብስ ድረስ እጁን አውለበለበ። የጋበዙት የብረት ማቅለጫ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሥራ ባልደረቦቹ።

ከ36 እስከ 44 መንገድ ስተናል። አንዱ የመጀመሪያው ጥቁር ጠፈርተኛ ማነው አለ፤ አሜሪካዊው ጋይ ብሉፎርድ የሚሉ በዙ። ትክክለኛው መልስ ኩባዊው አርናልዶ ታማዮ ሜንዴስ ነው፤ በሴፕቴምበር 1980 በሶቪየት መንኮራኩር ወጣ። ብሉፎርድ በ1983 ነው። ከዚያ ወሬው በዲሴምበር 2019 ከቻይና ወደተወነጨፈችው ሳተላይታችን ዞረ። ሳተላይት ምን ይሠራል ዳቦ ሳይኖር የሚለውና የለም ዳቦውም በእሷ ነው የሚታየው የሚለው ተያያዙ። ያ የራሱ ክር ይፈልጋል።

45ኛው መጀመሪያ የወጣው የአውሮፕላን መሐንዲሱ የኢልዩሺን ልጅ ነው፣ ተደብቆብን ነው አለ። 46ኛው ሊንክህን አምጣ አለው። አላመጣም። ቭላዲሚር ኢልዩሺን የሙከራ አብራሪ ነበር፤ ጉዳት የደረሰበትም በመኪና አደጋ ነው።

48ኛው መጨረሻውን ጻፈ። በኤፕሪል 1967 ጓደኛው ቭላዲሚር ኮማሮቭ በሶዩዝ 1 ሲመለስ ፓራሹቱ አልከፈት ብሎ ሞተ። የኮማሮቭ ተጠባባቂ ጋጋሪን ነበር። ከዚያ ጀግናው እንዳይሞትብን ብለው ከበረራ ከለከሉት። እሱ ግን አብራሪ ነኝ ብሎ ተሟገተ። ወደ አውሮፕላን በተመለሰ ጊዜ፣ በማርች 27 ቀን 1968፣ ከቭላዲሚር ሰርዮጊን ጋር ሚግ 15 ማሠልጠኛ ይዘው ኪርዣች አጠገብ ወደቁ። ዕድሜው 34 ነበር። ምክንያቱ ላይ 49ኛውና 50ኛው አልተስማሙም፤ ኮሚሽኑ ከድንገተኛ መታጠፍ ጋር ሲያያይዘው፣ ጠፈርተኛው አሌክሴይ ሌኦኖቭ ግን ሌላ ጄት በጣም ተጠግቶት አልፎ ነው የጣለው ብሏል።

51ኛዋ ደብዳቤውን አመጣች። ጋጋሪን ከመነሣቱ ሁለት ቀን በፊት ለሚስቱ ለቫለንቲና ጽፎ ነበር። ታናሽ ልጃቸው ጋሊና ገና የአንድ ወር አራስ ነች። ካልተመለስኩ በኀዘን አትሙቺ፤ ልጆቹን እንደ ልዕልት ሳይሆን እንደ ሰው አሳድጊ፤ ሌላ ማግባት ብትፈልጊም ነፃ ነሽ ይላታል። ይህ ደብዳቤ እጅሽ ባይገባ ደስ ይለኛል ብሎም ይጨርሳል። ገባ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሲሞት።

57ኛው መልስ የባሕረ ሐሳቡ አባት ሁለተኛ መልስ ነው። የወደፊቶቹ ጠፈርተኞች ቮስቶክን መጀመሪያ ሲያዩ ኮሮልዮቭ ማን ገብቶ ይቀመጥባት አለ። ጋጋሪን ቀደመ። ከመግባቱ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ካልሲ ብቻ አድርጎ ገባ። ኮሮልዮቭ ይህን አይቶ ልቡ ወደ እሱ አዘነበለ ይባላል። እኚህ አባት ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማችንን የምናወልቅ ሰዎች ነንና መጨመርም አላስፈለጋቸው።

የመጨረሻውን መልስ ዛሬ ጠዋት እኔ ጻፍኩ። ትናንት ማታ ለአባቴ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ክሩሽቾቭ ላይ ስደርስ ዝም አለ። አልዓዛር ላይ በጣቱ ጉልበቱ ላይ ቆጠረና ልክ ናቸው አለ። ጫማው ላይ ስደርስ ድገመው አለኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ ክርስትና ያስነሣት ልጁ ስሟ ማን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ዬሌና አልኩት። ትንሽ አሰበና እሌኒ ማለት ናታ አለኝ።